ራሴ የሠራሁት የውሃ ውስጥ ስኩተር ውሃ ያስገባል፤ ከየት ይሆን?

ጀማሪው፦
ሰላም ወገኖች። ከወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ለጠለቃ የሚሆን፣ ጠላቂውን ውሃ ውስጥ የሚጎትት ስኩተር ሠራሁ። ሞተሩ ከትንሽ ጀልባ የተፈታ 12 ቮልት ነው። ባትሪውን አውጥቼ፣ በምትኩ ለክብደት የእርሳስ ብረት ከትቼ ገንዳ ውስጥ ሞከርኩት። ግራ የገባኝ ነገር፦ በአንዴ ሦስት ሜትር አስምጬ ሳቆየው ደረቅ ይወጣል። ላይ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲንሳፈፍ ግን ሁለት ማንኪያ ውሃ አገኛለሁ። ሲሊኮን ለቀለቅኩት፤ ጭራሽ ባሰበት። የሞተሩ ዘንግ ይሆን?

ግራሶ፦
ዘንጉን ለጊዜው ተወው፤ ክዳኑን ነው የምጠረጥረው። ጥልቀት ላይ ውሃው ራሱ ክዳኑን ይጫንልሃል። ክዳንህ ከጫፍ ጫፍ 16 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ አሥር ሜትር ላይ 200 ኪሎ ገደማ ያርፍበታል። ላይ ላይ ግን የሚይዘው ብሎኑ ብቻ ነው። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ስፈታ ስገጥም ከርሜ፣ ጉዱ የጎማ ቀለበቱ ላይ የተጋደመች አንዲት የውሻዬ ፀጉር ሆና አረፈች! ሲሊኮኑን ፋቀህ አንሳ። ቀለበቱ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍርህ ዳሰው። ስትገጥመው የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀባው፤ አታልብሰው። ከዚያ በእጅ ፓምፕ ትንሽ አየር ምጠጥና እንደዚያው ዝጋው። ክዳኑን ላይ ላይም ስቦ ይይዝልሃል።

ዝምተኛው፦
ግራሶ ልክ ነው። ባትሪህ ሊድ አሲድ (እንደ ተለመደው የመኪና ባትሪ) ከሆነ ግን አደራ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ቻርጅ እንዳታደርገው። ሃይድሮጂን ይታመቅና አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለማብሪያው ደግሞ ቱቦውን አትብሳ፤ ከውጭ ማግኔት፣ ከውስጥ በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ በቂ ነው። እጅህ ሲለቀው መቆም አለበት። ሳይጠፋ ከቀረ ሽቅብ ይዞህ ይሮጣል፤ ትንፋሽህን ከያዝክ ሳንባህ አይችለውም። ባሕር ልትገባበት ከሆነ ደግሞ እርሳስ ጨምር። ገንዳ ውስጥ ሳይሰምጥ ሳይንሳፈፍ ሚዛኑን የጠበቀ የ20 ኪሎ ስኩተር ጨው ውሃ ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀልብሃል።

ጀማሪው፦
አገኘሁት! ፀጉር አይደለም። ቱቦውን በመጋዝ ስቆርጥ አፉ ላይ የተረፈች ጭረት ናት። በዓይን አትታይም፤ ጥፍሬን ሳሳልፍባት ግን ያዝ ታደርገዋለች። አሁን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኳት ነው። ለማብሪያው ግን ቱቦውን ቀድሜ በስቼዋለሁ፣ ዝምተኛው። ቀዳዳውን መድፈን ይሻላል ወይስ አዲስ ቱቦ ልቁረጥ?

ዝምተኛው፦
አዲስ ቁረጥ። በዚህኛው አፉን ለስላሳ አድርጎ መፈተግ ተለማመድበት።