መስማት የተሳናት ገፀ ባሕርይ፦ በምልክት የምታወራውን በአማርኛ እንዴት ልጻፈው?

ጥያቄ
ሰላም ለዚህ ቤት። ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ገፀ ባሕርይ መስማት የተሳናት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከወንድሟ ጋር በምልክት ታወራለች። ያስቸገረኝ ምልልሱ ነው። በምልክቱ ቅደም ተከተል ብጽፈው ኮልታፋ አማርኛ ይሆንብኛል፤ ሳስተካክለው ደግሞ በአፏ የምትናገር ይመስላል። ኢታሊክም (ጋደል ያለ ፊደል) ሞክሬ አላማረኝም። ከንፈር አይታስ ምን ያህል ትረዳለች? እህታችሁን እርዱኝ።

መልስ 1
እህቴ፣ የመጀመሪያውን መንገድ ፈጽሞ ተዪው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። «እኔ ነገ ገበያ ሂድ» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢው ልጅቷን አእምሮዋ የዘገየ አድርጎ ይስላታል። ከኦሮምኛ እንደምትተረጉሚ ሁሉ ተርጉሚው፤ የ15 ዓመት ልጅ የምታወራው ለዛ ያለው አማርኛ ይሁን።

ለመለየት፣ በአፍ የሚባለውን በ«» በምልክት የሚባለውን በ‹› አድርጊው። መጀመሪያ ላይ አንዴ ‹ነገ አልመጣም› አለችው በእጇ ብለሽ ካስተዋወቅሽ አንባቢ ይለምደዋል። ኢታሊኩ ያላማረሽ ወዶ አይደለም፤ አብዛኞቹ የአማርኛ ፎንቶች የራሳቸው ኢታሊክ ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ፊደሉን እንዲሁ ያጋድመዋል።

አንድ ቦታ ላይ የጣት ፊደሉን፣ ማለትም ቃልን ፊደል በፊደል በእጅ ማሳያውን፣ ቀረብ አድርገሽ አሳዪ። እያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶች የሚለዩት ደግሞ በእንቅስቃሴ ነው። አዲስ የመጣ የክፍል ጓደኛ ቅርጹን ይዞ እንቅስቃሴውን ቢስት «ለ» ልል ብሎ «ሉ» ይላል። ያ ስህተት ለጓደኝነታቸው መጀመሪያ በጣም ጥሩ ትዕይንት ነው። የሚቀራረቡ ሰዎች ግን ስም በፊደል አይጠሩም፤ ለእያንዳንዱ የምልክት ስም ይወጣለታል።

መልስ 2
ስለ ከንፈር ንባብ ልጨምር፤ ደራሲዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። በ፣ መ እና ፐ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። በራ እና መራ፣ ባለ እና ማለ አይለዩም። ከ፣ ገ እና ቀ ደግሞ ከኋላ ስለሚወጡ ጭራሽ አይታዩም። ጓደኛዋ «የምሬን ነው» ስትላት ልጅቷ «የብሬን ነው» ብላ ልታይ ትችላለች፤ ከዚህ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጠብ ይወጣል።

ስለዚህ ወሬው የሚታወቅ፣ ፊቱ ብርሃን ያረፈበት፣ ሰውየውም ቅርብ ሲሆን ብዙውን በግምት ትሞላለች። መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ ሲያስረዳ ወይም መስኮት ከጀርባው ሲሆን ይጠፋባታል። ሦስት ልጆች ሲቀባበሉማ ማን እንደጀመረ ስትፈልግ ወሬው ያልፋታል። ከመንገድ ማዶ የሌቦችን ምክክር በከንፈር እንድታነብ አታድርጊያት።

መልስ 3
የጆሮ መርጃ መሣሪያ ካላት፣ መሣሪያው ድምፅ ያጎላል እንጂ ጆሮን እንደ አዲስ አይሠራም፤ የክፍሉን ጫጫታም አብሮ ያጎላል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ በልኳ የተቀረጸ ስለሆነ ስታድግ ይላላና ያፏጫል፤ እሷ ላትሰማው ትችላለች፣ ክፍሉ ግን ይሰማዋል። ለዚህ ዕድሜ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሰሙት ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፤ የእሷና የወንድሟ እዚያው ይቆማል፣ አንዱ የስልክ መብራት እስኪያበራ። ሁለት እጅ ሙሉ ዕቃ ይዛም እንደ ልቧ አታወራም። እባክሽ መጨረሻው ላይ ጆሮዋን አታድኚው፤ መጽሐፉን የሚያነቡ መስማት የተሳናቸው ልጆች አሉ። ከማሳተምሽ በፊትም በምልክት ቋንቋ ያደጉ ሁለት ሦስት ሰዎች ረቂቁን ያንብቡት፤ ለድካማቸው ክፈያቸው።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። «ደንቆሮ» የሚለውን ከጎረቤቷ አፍ ላውጣው ወይስ ይቅር?

መልስ 1
ሰው የሚለው ነውና ከጎረቤቷ አፍ ይውጣ፤ የልጅቷም ፊት ምን እንደሆነ አሳዪ። ተራኪው ግን አይበለው። «መስማት የተሳናት» የሚለውንም አንዴ ካስታወቀ በኋላ በስሟ ይጥራት፤ በየገጹ ሲደጋገም የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል።