ትዝታውን የሚጽፍ ሰው የግል ሕይወቱን የመግለጥ ዕዳ አለበትን?

አወያይ፦ የባሕር ዳር የንባብ ወዳጆች በዚህ ወር ያነበብነው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ነው። ብዙዎቻችን የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደራሲ የልጅነትና የፍቅር ታሪክ እናገኛለን ብለን ስንከፍተው የጠበቀን የጣሊያን ወረራ፣ የዘመቻና የምርኮ ታሪክ ነው። እንግዲህ ጥያቄው፣ ሕዝብ የሚያውቀው ሰው ትዝታውን ሲጽፍ የግል ሕይወቱን የመግለጥ ግዴታ አለበት ወይ የሚል ነው።

የሽምብጡ አንባቢ፦ አለበት ባይ ነኝ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ልብ ወለድ ያነበበ ሰው፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የፈጠሩት ደራሲ ራሳቸው ምን ዓይነት ፍቅርና ምን ዓይነት ሐዘን እንዳሳለፉ ለማወቅ ቢሻ ነውር የለበትም። ከእጅ ወደ እጅ በተቀባበልነው ቅጂ ኅዳግ ላይ ከመካከላችን አንዱ በእርሳስ «ሰብለስ?» ብሎ ጽፏል፤ ጥያቄው የእኔም ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ጉጉትህ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጉጉቱን ያሳደረብህ ልብ ወለዱ ስለሆነ «ትዝታ»ን ባለዕዳ ልታደርገው አይገባም። ሐዲስ የዘመቱበት የጎጃሙ ገዥ የራስ እምሩ ጦር ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ወርዶበት፣ በየካቲት መጨረሻ ሽሬ ላይ ከተሸነፈ በኋላ፣ የተረፈው እየተዋጋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አፈግፍጎ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተማርከዋል። ሐዲስም ተማርከው ጣሊያን አገር በእስር ዓመታት አሳልፈዋል። ከዚያ ጦር አብዛኛው ገበሬ ነበርና ያየውን በጽሑፍ ሳያስቀር አልፏል። ብዕር መያዝ የሚችል አንድ ሰው ገጾቹን ለእነዚያ ሰዎች ቢሰጥ፣ ስለ ራሱ ፍቅር አልነገረንም ብሎ መውቀስ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሽምብጡ አንባቢ፦ እርስዎ እንዳሉት የምስክርነት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ክርክሬ ይጠነክራል። ምስክር ችሎት ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው ማንነቱን ነው። ማን ምን ፈርቶ፣ ማንን ወድዶ እንደተናገረ ካላወቅን ቃሉን በምን እንመዝነዋለን?

የታሪክ መምህርቷ፦ ከሌላ ምስክር ጋር በማስተያየት ነዋ። ራስ እምሩም «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለ መጽሐፍ ትተውልናል። ስለ አንድ ዘመቻ አዛዡ የጻፉትንና አብረዋቸው የዘመቱት የጻፉትን ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል፤ ይህም ስለ ትዳር ከሚጻፍ ምዕራፍ ይበልጥ ያጠራዋል።

ከመሸንቲ የመጣሁት፦ አያቴ ከዚያ ጦር ጋር ዘምተው ከተመለሱት አንዱ ነበሩ፤ ለልጆቻቸው ግን ስለ ሽሬ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ አረፉ። አባቴ «ትዝታ»ን ሳነብላቸው የጠየቁኝ ስለ ደራሲው ኑሮ አልነበረም፤ የአገራችን ሰው ስም ተጠቅሶ እንደሆነ ነበር። እኔም ከመምህርቷ ጎን ነኝ።

የሽምብጡ አንባቢ፦ ለአባትህ ጥያቄ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ሆኖም አያትህ ያልተናገሩት የግል ነገር አሁን ቢገኝ፣ አንተ ራስህ ሳታነበው ታልፍ ነበርን? መልስልኝና እንቀጥል።