የምድር መንገድ «ሞላላ» ይባል? የሐዋሳ ወላጅና መምህራን ክርክር

እናት፦ ልጄ «ምድር ፀሐይን በሞላላ መንገድ ነው የምትዞረው፤ ስትጠጋ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል» አለኝ። ደብተሩ ላይ የሳለው ቁርጥ ዕንቁላል ነው። ቲቸሮች፣ ልክ ነው?

የሒሳብ መምህር፦ ሞላላ ማለቱ ልክ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በ1609 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህንኑ ነው። ዕንቁላሉ ግን አይሆንም። የዕንቁላል አንዱ ጫፍ ሾል ይላል፤ የዚህ ሁለቱም ጫፍ እኩል ነው።

የፊዚክስ መምህርት፦ ወንድሜ፣ «ሞላላ» ብሎ ዝም ማለቱን ነው የምቃወመው። ሞላላ ፊት፣ ሞላላ ትሪ ስንል ረዘም ያለ ነገር ነው የሚታየን። ልጁም ያንን ስሎ ሙቀቱን ከመቅረብ አመጣው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው እኮ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። የምትርቀው ሰኔ መጨረሻ፤ 152 ሚሊዮን ገደማ። እስቲ በታኅሣሥ ማለዳ ሐይቅ ዳር ያለ ሹራብ የሚሄድ ማን ነው? አውሮፓም ያኔ ብርዱ የሚጠናበት ወቅት ላይ ነው። ወቅትን የሚያፈራርቀው የምድር ዘንግ ማዘንበል ነው።

አናጢ፦ እኔ ሞላላ ጠረጴዛ ስሠራ ሁለት ሚስማር እመታለሁ። ክር ላላ አድርጌ አስርባቸዋለሁ። ከዚያ በእርሳስ ክሩን እየወጠርኩ አዞራለሁ። ሚስማሮቹ ሲራራቁ ጠበብ ይላል፣ ሲቀራረቡ ወደ ክብ ይሄዳል። ደንበኛ «ሞላላ» ብቻ ካለኝ ሥራ አልጀምርም፤ ቁመቱና ወርዱ ስንት ይሁን እላለሁ።

የፊዚክስ መምህርት፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! በእርስዎው ክር የምድርን መንገድ እንሳል። በሚስማሮቹ መካከል ያለው ክር 1 ሜትር ይሁን። ሚስማሮቹ የሚራራቁት 1.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ አንዱ ሚስማር ላይ ናት። ወርዱ ከቁመቱ የሚያንሰው 0.14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን በዓይኑ የሚለይ ሰው የለም።

የሒሳብ መምህር፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ እህቴ። ግን ክብ እንበል ካልሽ እኔ የለሁበትም። 76 ዓመት ገደማ የሚፈጅበት የሃሌይ ጅራታም ኮከብም በሞላላ ነው የሚዞረው። ለእሱ በዚያው ክር ሚስማሮቹ 97 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ስሙም አንድ መሆን አለበት።

የፊዚክስ መምህርት፦ ስሙ ይኑር፣ መጠኑ ግን አብሮ ይነገር። «ክብ ለመሆን ትንሽ የቀረው ሞላላ» ቢባል ምን ይጎድላል?

የሒሳብ መምህር፦ ፈተናው ላይ ምርጫው «ሞላላ» ነው የሚለው። ልጁ ግራ ቢገባውስ?

የፊዚክስ መምህርት፦ ሞላላን ይምረጥ። ሰሌዳ ላይ የምንስለውን ዕንቁላል ግን ከነገ ጀምሮ እንተወው።