የከተራ ፎቶዎቼ ደብዝዘው ወጡብኝ፤ ሌንስ ልቀይር ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?

የሰፈር ካሜራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከተራ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያምናው እንዳይደገምብኝ ስለሰጋሁ በጊዜ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

አምና ጥር 10 የሰፈራችንን የሚካኤል ታቦት አጅቤ እስከ ጃን ሜዳ ሄድኩ። ካሜራዬ ካነን 700ዲ ነው፤ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሌንሶቼ 18-55 እና 55-250 ናቸው። ወደ 600 ፎቶ አነሳሁ። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሳያቸው ሁሉም ያማሩ ነበሩ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው ግን ጥርት ብሎ የወጣው 40 እንኳ አይሞላም።

ከሁሉ የቆጨኝ የአንዲት እናት ፎቶ ነው። የእድራችን አባል ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል። ታቦቱ ሲያልፍ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል ሲሉ ነው ያነሳኋቸው። አይተውኝ ኖሮ በኋላ "ልጄ፣ አሳጥበህ ስጠኝ" አሉኝ። ፎቶው ላይ ፊታቸው ጭጋግ የለበሰ ነው የሚመስለው። እንዲህ አድርጌ እንዴት እሰጣቸዋለሁ? እስከ ዛሬ አልሰጠኋቸውም፤ ባየኋቸው ቁጥር ይከብደኛል።

ሰው ሁሉ "ሌንስ ግዛ" ይለኛል። ገንዘቡ የለኝም፤ ግድ ከሆነ ግን እበደራለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

ጥላና ብርሃን

ወንድሜ፣ ከማንም እንዳትበደር። መጀመሪያ ፎቶው በምን እንደደበዘዘ እንወቅ፤ ድብዝዝታ ሁሉ አንድ አይደለም። የተበላሹብህን ፎቶዎች ክፈትና እስኪበቃህ አጉላቸው። ከዚያ እንዲህ ብለህ እያቸው።

አስፋልቱም፣ ዛፉም፣ ሰዉም በአንድ አቅጣጫ ተስቦ ከሆነ የተንቀጠቀጠው እጅህ ነው። አስፋልቱና የቆመው ሰው ጥርት ብለው የሚያጨበጭበው ልጅ እጅ ብቻ ከተሳበ፣ ሹተር ስፒድህ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት የሰከንድ ክፋይ) ለእንቅስቃሴው አልበቃም ማለት ነው። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላ ያለው ድባብ ላይ ያለው ጥልፍ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ፎከሱ ሌላ ቦታ አርፏል። ሦስቱም መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ሌንስ መቀየር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በራሱ አያድንልህም።

የእናታችንን ፎቶ መረጃ አውጥተህ ጻፍልን። ሹተር ስፒድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ የኤፍ ቁጥሩ)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ስንት ላይ ዙም እንዳደረግክ። ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ አለ።

የሰፈር ካሜራ (ጠያቂ)

አየሁት። 250 ላይ፣ 1/60፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 100። ሰዓቱ 11 ተኩል ገደማ ነው። አይኤስኦ 100 ጥራት ይሰጣል ስለተባልኩ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልነካሁትም። ሳጎላው ሁሉም ነገር ወደ ጎን ተስቧል፤ ከኋላቸው ያለው አጥር ሳይቀር።

የቀትር ላይ ፎቶዎቼን ሳይ ግን ሌላ ነው። 1/640 ሆኖ ፊቱ ደብዝዟል፤ ከኋላ ያለው ሰው ግን ጥርት ብሏል።

ጥላና ብርሃን

በሽታው ተገኘ። ሌንስህ ጤነኛ ነው።

በእጅ ለሚያዝ ካሜራ የቆየ መለኪያ አለ። የዙምህን ቁጥር ውሰድ፤ ያንተ ካሜራ ሴንሰሩ አነስ ያለ ስለሆነ በ1.6 አባዛው። 250 ሲባዛ 400 ይሆናል። ስለዚህ የቆመ ሰው ለማንሳት እንኳ ከ1/400 ባትወርድ ይመረጣል። አንተ በ1/60 ነው ያነሳኸው። ሌንስህ ማረጋጊያ ስላለው ለቆመ ነገር ሊያግዝህ ይችላል፤ ነገር ግን ማረጋጊያው የሚይዘው የእጅህን መንቀጥቀጥ ነው፣ የሰውየውን እንቅስቃሴ አይደለም።

አሁን ቁጥሩን ተመልከት። በዚያው ብርሃን አይኤስኦውን ከ100 ወደ 800 ብታወጣው፣ 1/60 የነበረው 1/500 ገደማ ይሆንልህ ነበር። ፎቶው ትንሽ ኖይዝ (ጥቃቅን ነጠብጣብ) ይኖረዋል፤ ታጥቦ ሲወጣ ማንም ልብ አይለውም። የተሳበ ፊት ግን በምንም አይመለስም። በበዓል ቀን ከኖይዝ ይልቅ መንቀጥቀጥን ፍራ።

የካሜራህን መዘውር ቲቪ (Tv፣ ሹተሩን አንተ የምትወስንበት) ላይ አድርገው። ሹተሩን 1/500 ስጠው። አይኤስኦውን አውቶ አድርገህ ከሜኑ ጣሪያውን 3200 ላይ ወስነው። ከዚያ ስለ ቁጥር ሳታስብ ሰዉን እየው። የሚዘልና የሚጨፍር ሲመጣ ወደ 1/800 ከፍ አድርግ።

የአራት ኪሎ ልጅ

የቀትሩ የፎከስ ችግር እኔንም ለሁለት ዓመት አሰቃይቶኛል። ካሜራህ ዘጠኝ የፎከስ ነጥብ አለው። ምርጫውን ለእሱ ከተውክለት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቅርቡን ወይም ጎልቶ የታየውን ነገር ነው። ጥምቀት ላይ ደግሞ ዓይን የሚስብ ነገር ሞልቷል። ድባቡ ወርቅማ ዘርፍ አለው፣ መስቀሉ ያብረቀርቃል፣ ፊት ለፊትህ የሰው እጅና ስልክ ይወጣል። ምስኪኑ ካሜራ የቱን ይያዝ?

ስለዚህ አንድ ነጥብ ብቻ ምረጥ፤ መሀለኛውን። ከኋላ በቀኝ በኩል ከላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭነህ ነው የምትመርጠው። ያቺን ነጥብ ዓይን ላይ አሳርፍ፤ ሁለቱም ዓይን ከታየህ ወደ አንተ የቀረበው ላይ። ሰዉ እየሄደ ከሆነ ፎከሱን ኤአይ ሰርቮ አድርገው፤ ቁልፉን በግማሽ ተጭነህ እስከያዝክ ድረስ ይከተልልሃል። ኒከን የያዛችሁ ኤኤፍ ሲ የሚለው ነው።

ዕጣኑን ደግሞ አትርሳ። ጭሱ መሀል ሲገባ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይባዝናል። አታሳድደው፤ ጭሱ እስኪያልፍ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቅ።

ብልጭታውን ዝጋ። የካሜራው ፍላሽ ጥቂት ሜትር ነው የሚደርሰው፤ በዚያ ላይ ሲከፈት ሹተርህን ከ1/200 በላይ አያስኬድህም። ታቦት የተሸከሙት አባት ዓይን ላይ መብራት መልቀቅም አይገባም።

አሮጌው ስቱዲዮ

ልጄ፣ እኔ በፊልም ዘመን ጥምቀትን በአንድ ጥቅል 36 ቀረጻ እያነሳሁ ነው ያደግኩት። 600 ማንሳት የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ከመተኮሳችን በፊት ማየት ተማርን። አንተም እየው።

ወረቡን ልብ ብለህ ስማው። ሲጀመር ዝግ ብሎ ነው። መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ጸናጽሉ ይከተላል። ሰውነታቸው ወደ ቀኝ ዘንበል ይልና ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ግራ ይመለሳል። ያቺ መመለሻዋ ላይ ተኩስ። እዚያ ጋ 1/250 እንኳ ይበቃሃል። ከበሮው ፈጥኖ ጭብጨባው ሲመጣ ግን በዚያ አትመካ፤ ያኔ ከላይ የነገሩህን ያዝ። ዜማውን የሚያውቅ ሰው መቼ እንደሚፋጠን ቀድሞ ያውቃል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ከሆንክ ይሄ ከሌንስ በላይ ይጠቅምሃል።

ሌላው ምንጣፉ ነው። ወጣቶቹ ታቦቱ ያለፈበትን ጠቅልለው እየሮጡ ወደ ፊት ያነጥፋሉ። አንተ አብረሃቸው አትሩጥ። ሰው እየሮጠ ያነሳው ፎቶ ጥርት አይልም። ሃያ እርምጃ ቀድመህ ሂድ፣ አንድ ግንብ ወይም ምሰሶ ተደገፍ፣ ክርንህን ወደ ጎንህ ሰብስብ፣ ትንፋሽህን አውጥተህ ጠብቅ። እነሱ ወደ አንተ ይመጣሉ። ታቦቱ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሲቆም ሁሉም ነገር ይረጋል። የኔ ምርጥ ፎቶዎች ሁሉ የዚያች ሰዓት ናቸው።

ምንጣፉን ግን አትርገጥ። ሰው ሲሰግድ ካሜራህን ዝቅ አድርግ። እንዲህ ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው መንገድ ይከፍቱለታል።

ጎንደሬዋ

እኔ በየዓመቱ ፋሲለደስ መዋኛ ጋ ነው የማነሳው። ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ መዝለል ሲጀምሩ 1/1000 እና ከዚያ በላይ ነው የምይዘው፤ ያኔ ጠብታዋ አየር ላይ እንደ መስታወት ፍሬ ትቆማለች። በጃን ሜዳም ውኃው ሲረጭ ያው ነው። ካሜራህን በፌስታል ጠቅልለው፣ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ አውጣለት። ለስላሳ ጨርቅ ኪስህ ውስጥ ይኑር። አንዲት ጠብታ ሌንሱ ላይ ደርቃ ቀኑን ሙሉ ፎቶዬን አበላሽታብኛለች፤ ያወቅኩት ማታ ነው።

ስለ ነጭ ልብስም ልጨምር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል፤ ፊቱ ይጠቁራል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስታበራው ኖይዙ ይወጣና ጥራቱን ይበላዋል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ ሁለት ሦስተኛ አድርግ እላለሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ

ጎንደሬዋ ያልሽው ለጥዋትና ለአመሻሽ ትክክል ነው። ቀትር ላይ ግን እኔ አልስማማም። የስድስት ሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ነጠላው ይቃጠልና ጥለቱ ይጠፋል። ያኔ ዜሮ ላይ ተወውና ሰዉን ጥላ ውስጥ ፈልገው።

ጎንደሬዋ

እውነትህን ነው፤ እኔም የማነሳው በጥዋት ስለሆነ ነው።

ከሜሪላንድ

እዚህ ጥር በረዶ ስለሆነ ማኅበረሰባችን ብዙውን አዳራሽ ውስጥ ነው የሚያከብረው። የኔ ፎቶ ላይ ጥቁርና ቢጫ መስመር በአግድም ይወጣል፤ ፊቱም ለስለስ ይላል። ካሜራዬ አዲስና መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ነው። ምን ይሻለኛል?

ጥላና ብርሃን

መስመሩ የመብራቱ ነው። መብራቱ ለዓይን የማይታይ ብልጭ ድርግም ይላል። ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሹተር አጥፊና ሜካኒካሉን ተጠቀሚ። አሜሪካ 1/125 ላይ፣ እዚህ አገር ደግሞ 1/100 ላይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ሁለቱም ለጭፈራ ትንሽ ዝግ ያሉ ስለሆኑ ጋሼ አሮጌው ስቱዲዮ እንዳሉት መመለሻዋን ጠብቂ። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ካገኘሽ አዳራሽ ውስጥ ያድንሻል። ብቻ 1.8 ላይ ስትከፍቺው ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል፤ ወደ 2.8 ዝጊው።

ቴሌግራም ላኪ

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ለሰፈር ግሩፕ በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፎቶ ነው ወይስ እንደ ፋይል? እንደ ፎቶ ከላክኸው ያሳንሰዋል። ያንን አውርዶ ያሳጠበ ሰው ፎቶህ ደብዛዛ ነው ይልሃል። ለማሳጠብ የሚፈልጉትን በፋይል ላክላቸው። በስልክ የምታነሱም ሌንሷን በነጠላ ጫፍ ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ በጣት ዙም አታድርጉ፣ በእግራችሁ ቅረቡ።

የሰፈር ካሜራ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የእርስዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከነገ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ታክሲ ተራው ጋ ሰው ሲጋፋ በ1/500 እለማመዳለሁ። ከበዓሉ በኋላ እመለሳለሁ።

የሰፈር ካሜራ (ጠያቂ)፣ ጥር 14

ተመልሻለሁ። ዘንድሮ 430 አነሳሁ፤ ከግማሽ በላዩ ጥርት ያለ ነው። የከተራ ዕለት 11 ሰዓት አልፎ፣ የባሕር ዛፎቹ ጥላ ውስጥ አይኤስኦው 1600 ደረሰብኝ። ፈርቼ ነበር። ስከፍተው የምንጣፍ አንጣፊዎቹ ግንባር ላይ ያለው ላብ ይታያል።

ጋሼ፣ ሃያ እርምጃ የቀደምኩበት ግንብ እስካሁን ትከሻዬ ላይ ኖራውን ትቶልኛል፤ ምንጣፉን ሲዘረጉ ግን ሁሉም ፊት ለፊቴ መጡ።

እናታችን ከተራ ዕለት አልወጡም። ጉልበታቸው ታሟል። በጣም አዘንኩ። ጥር 12 ሚካኤል ሲመለስ ግን በራቸው ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። አስፈቅጄ ቀረብኩ። በትንሹ ሌንስ፣ 55 ላይ፣ 1/500፣ መሀለኛዋ ነጥብ ቅርቡ ዓይናቸው ላይ። ታቦቱ ሲደርስ ተነሡ፤ የወንበሩን መደገፊያ በአንድ እጅ ይዘው እልል አሉ። የነጠላቸው ጥለት ክሩ ይቆጠራል። ዓይናቸው ውስጥ ድባቡ ይታያል፤ ትንሽ ቀይ ሆኖ።

20 በ30 አሳጥቤ ትናንት ወሰድኩላቸው። መስኮቱ ጋ ሄደው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ሪያድ ላለችው ልጃቸው እንድልክላት ስልክ ቁጥሯን ሰጡኝ። በፋይል ላክሁላት።