ከመሃል የሳተ አስር ሳንቲም፦ ዋጋው ስንት ይሆን?

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ከአያቴ ሙዳይ የተገኘ የ1969 ዓ.ም. አስር ሳንቲም አለኝ። አንበሳው ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ጎፈሩ ተቆርጧል። በሌላው በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለ ባዶ ቦታ ቀርቷል። በጀርባው ያለው ኒያላም እንዲሁ ሸሽቷል። ባዶው ቦታ ልሙጥ ነው፤ የሞረድ ጭረት የለበትም። ስለዚህ በኋላ የተጎዳ ሳይሆን ሲታተም ከመሃል የሳተ ይመስለኛል።

ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ "ሚሊዮን ያወጣል" አለኝ። እኔ የምፈልገው ግን እውነቱን ነው። ወርቅ ሠሪ ጋ ላስመዝነው? ትክክለኛው ክብደት ስንት ግራም ነው? እንዲህ ያለ የኢትዮጵያ ሳንቲም የሸጠ ወይም የገዛ ካለ፣ እባካችሁ በስንት እንደሄደ ንገሩኝ። አልወለወልኩትም፤ መወልወል ዋጋ ይጥላል። የሁለቱንም ፊትና የጠርዙን ፎቶ እልካለሁ።