ማታ ላይ ሹተር ስፒዱን ሳወርድ ሁሉም ይደበዝዝብኛል፣ እስከ ከተራ ምን ልለማመድ?

ጀማሪዋ_ካሜራ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከምናምን ሆኖኛል፣ ሥራዬ አይደለም ከሥራ በኋላና ቅዳሜ እሁድ ነው የማነሳው። ካሜራዬ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ነው፣ ሌንሱም አብሮት የመጣው 18-55 ነው ሌላ የለኝም። ቀን የማነሳቸው ደስ ይሉኛል፣ ችግሬ ማታ ነው።

መስከረም 16 ደመራ ላይ መስቀል አደባባይ ነበርኩ። እሳቱ ሲለኮስ ያ ቀይ ብርሃን የሰዉ ፊት ላይ ሲያርፍ አይታችሁት ታውቃላችሁ አይደል፣ እሱን ለመያዝ ነበር ሀሳቤ። መጀመሪያ አውቶ ላይ አድርጌው ፍላሹ እየተነሳ ሁሉንም ነጭ አደረገብኝ፣ ከዛ ፍላሹን ዘግቼ ቀጠልኩ፣ ስክሪኑ ላይ ሳየው ደህና ይመስል ነበር ግን ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ከ200 በላይ ፎቶ ውስጥ ጥርት ያለ አራት አላገኘሁም። አብዛኛው ሹተሩ ክፍት የቆየበት 1/8 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 5.6፣ ለብርሃን ያለው ትብነት አይኤስኦ 1600 ይላል፣ ሌንሱን እስከ 55 ስቤ ነው ያነሳሁት። እናቴ ጧፍ ይዛ የቆመችበት አንድ አለ፣ ሁሉ ነገሩ ያምራል ፊቷ ግን ሁለት ሆኗል። እሱ ነው በጣም ያሳዘነኝ።

በኋላ ስታንድ ገዛሁና የመኪና መብራት ረጅም መስመር ሆኖ የሚወጣበትን ሞከርኩ፣ እሱም ሳጎላው ትንሽ የተንቀጠቀጠ ነው። ስታንድ ላይ ተቀምጦ እንዴት ይንቀጠቀጣል?

ጥር 10 ለከተራ ጃንሜዳ ማደር እፈልጋለሁ፣ አሁን ህዳር ነው ሁለት ወር አለኝ። ምን ብለማመድ ይሻላል? ሌንስ መግዛትስ ግድ ነው?

የማታ_ሰው

እህቴ አይዞሽ፣ የሁላችንም የመጀመሪያ ደመራ እንደዚሁ ነው የወጣው። መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ፣ ብለር (መደብዘዝ) ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ካሜራው ሲንቀሳቀስ የሚመጣ ነው፣ እሱ ሲሆን ፎቶው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ግድግዳውም መብራቱም፣ እኩል ተጎትቶ ይታያል። ሌላው የምታነሺው ሰው ሲንቀሳቀስ የሚመጣው ነው፣ ከኋላ ያለው ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ይደበዝዛል። ያንን የእናትሽን ፎቶ ክፈቺና ከኋላ ያለውን እዪ፣ መድኃኒቱ የተለያየ ስለሆነ ነው። ስታንድ የሚያድንሽ ከመጀመሪያው ብቻ ነው፣ እናትሽ ከተነቃነቀች ስታንዱ ምንም አያደርግም፣ ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያም እንደዛው።

በእጅ ስትይዢ የድሮ ሰዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፣ ሹተር ስፒድሽ ሌንሱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር (18 ወይ 55 የሚለው) በታች አይውረድ ነው የሚሉት፣ 55 ከሆነ 1/55 ማለት ነው። 700ዲ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ በ1.6 ታባዢዋለሽ፣ 55 ሲባዛ 88 ነው፣ ስለዚህ 1/90 ወይ 1/100 ይፈልግ ነበር አንቺ ግን በ1/8 ነው ያነሳሽው፣ ከአሥር እጥፍ በላይ የዘገየ ማለት ነው። ማረጋጊያው ትንሽ ይረዳል ግን ይህን ሁሉ አይሸከምም።

ስለ ሌንስ ደግሞ፣ ግድ አይደለም ግን የሚገዛ ነገር ካለ 50 ኤፍ 1.8 ነው፣ ካኖን ከሚያወጣቸው ርካሾች አንዱ ነው ያገለገለም ይገኛል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 1.8 ስትሄጂ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይገባል፣ በዚያው ቦታ በዚያው አይኤስኦ 1/8 የነበረው 1/80 ይሆንልሻል ማለት ነው። ያ ፎቶ ያኔ ይተርፍ ነበር። እስክትገዢ ድረስ ግን በያዝሽው 18-55 አትሳቢ፣ 18 ላይ አድርጊና በእግርሽ ቅረቢ፣ 18 ላይ ኤፍ 3.5 ስለሚከፈት ከ55 የተሻለ ብርሃን አለው፣ የእጅ መንቀጥቀጡም ብዙ አይታይም።

ራው_ብቻ

የማታ ሰው ያለው ልክ ነው ግን አይኤስኦውን ረሳው። 1600 ላይ ለምን ቆምሽ? 3200 አድርጊው፣ ካስፈለገም 6400። ኖይዝ (ነጠብጣብ) ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ይሻላል፣ ኖይዙን በኋላ መቀነስ ይቻላል፣ የተንቀሳቀሰ ፊት ግን የትኛውም ሶፍትዌር አይመልስልሽም። እና እባክሽ በራው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አንሺ። የጧፍ ብርሃን በጣም ቢጫ ነው፣ ካሜራው አውቶ ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያ) ላይ ሲሆን አንዴ ብርቱካን አንዴ ግራጫ እያደረገ ያበላሸዋል፣ ራው ከሆነ ቤት ገብተሽ ሁሉንም በአንድ ታስተካክያለሽ። ስታስተካክዪም ቢጫውን ሙሉ በሙሉ አታጥፊው፣ እሱ ከሄደ ማታ መሆኑም ይጠፋል።

የማታ_ሰው

@ራው_ብቻ 6400 ላይ አልስማማም ወንድሜ፣ 700ዲ ላይ ጥላው ውስጥ ቀይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይመጣል፣ ነጭ ነጠላና ጥቁር ሌሊት አንድ ላይ ባለበት ደግሞ በጣም ይታያል። እኔ ከ3200 አላልፍም፣ ከዛ በኋላ ሹተሩን ወደ 1/40 አውርጄ ሰውየው የሚረጋበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። በጸሎት ላይ ያለ ሰው እኮ ብዙ ጊዜ ቆም ይላል፣ ዝማሬው መሀል፣ ሲሰግድ ከመነሳቱ በፊት፣ ወይም ጧፉን ከሌላ ጧፍ ሲያቀጣጥል እጁ ለአፍታ ይረጋል። እሱን መጠበቅ ከለመድሽ 1/40 ይበቃሻል።

ራው_ብቻ

በዛ እስማማለሁ፣ ግን ለጀማሪ መጠበቁ ከባድ ነው ብዬ ነው። 6400ውን አሳንሰሽ ስልክ ላይ ለምታዪው ብቻ ያዢው በቃ፣ ለህትመት 3200።

ጣና_ዳር

ሰላም፣ እኔ ከባህር ዳር ነኝ። ስለ ስታንዱ የጠየቅሽውን ማንም አልመለሰልሽም። ስታንድ ላይ ሆኖ የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በጣትሽ ቁልፉን ስትጫኚው ነው፣ ስለዚህ የ2 ሰከንድ ሴልፍ ታይመር አድርጊና እጅሽን አንሺ። የመሀሉን ምሰሶ ወደ ላይ አትሳቢው፣ እግሮቹን ዘርጊ፣ ቦርሳሽን ከስሩ ስቀዪበት ከነፋስ ያድነዋል። ሌንሱ ላይ ያለውን ማረጋጊያ አጥፊው፣ አንዳንዱ ሌንስ ስታንድ ላይ ሆኖ ራሱ መንቀጥቀጥ ይፈጥራል። ካሜራው ውስጥ ያለው መስታወት ሲነሳም ትንሽ ስለሚመታ ላይቭ ቪው ላይ ሆነሽ (በስክሪኑ እያየሽ) አንሺ፣ ያኔ መስታወቱ አስቀድሞ ተነስቷል። እና ድልድይ ላይ ቆመሽ ከነበረ እሱ ራሱ ነው፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ድልድዩ ይርገፈገፋል፣ እኔ አባይ ድልድይ አካባቢ ሳነሳ ስንት ቀን ስታንዱን ስጠረጥር ቆይቼ ነው የገባኝ።

ፎከሱን ደግሞ በጨለማ ለካሜራው አትተዪለት። ላይቭ ቪው ላይ ሩቅ ያለ መብራት ፈልጊ፣ አሥር እጥፍ አጉሊው፣ ወደ ማንዋል ፎከስ ቀይሪና ጠርዙ እስኪስል የፎከሱን ቀለበት አዙሪ፣ ከዛ በኋላ ሌንሱን አትንኪው።

ቀን ላይም ዝግ ያለ ሹተር መለማመድ ይቻላል፣ እኔ የተማርኩት ጢስ ዓባይ ነው። ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ውሃው ሙሉ ሲሆን እሄዳለሁ። በጠራራ ፀሐይ ኤፍ 16 እና አይኤስኦ 100 ላይ 1/125 አካባቢ ነው የሚሰጥሽ፣ ውሃው ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ይቆማል። 6 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገባ ጥቁር መስታወት) ስታደርጊበት፣ አንዱ ስቶፕ በግማሽ ስለሚቀንስ ብርሃኑን 64 ጊዜ ስለሚቀንሰው ወደ ግማሽ ሰከንድ ትወርጃለሽ፣ ያኔ ነው እንደ ተፈተለ ጥጥ የሚሆነው። ከዛ በላይ ስታስረዝሚው ደግሞ ጉልበቱ ይጠፋና ጭጋግ ይመስላል፣ ለኔ ግማሽ ሰከንድ ላይ ነው ዓባይ ዓባይን የሚመስለው። ለስላሳ ጨርቅ ያዢ፣ ርጭቱ ሌንሱን በየደቂቃው ያረጥበዋል።

ሌላው ባጃጅ ነው። መንገድ ዳር ቁሚ፣ 1/30 አድርጊ፣ ባጃጇ ስትመጣ ከወገብሽ እየዞርሽ ተከተያት፣ ካነሳሽም በኋላ መዞርሽን አታቁሚ። ባጃጇ ጥርት ብላ ከኋላዋ ያለው መስመር መስመር ይሆናል። ከሃያ አንዷ ነች የምትሳካው፣ ግን እጅሽን ከዚህ በላይ የሚያሠለጥን አላየሁም።

የቡና_ሰዓት

እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ተለማመጂ ነው የምለው። ማታ ቡና ሲፈላ አምፖሉን አጥፊና ፍሙና አንድ ሻማ ብቻ ይቅሩ። ከጀበናው ሲቀዳ በ1/250፣ በ1/60፣ በ1/15፣ በ1/4 አንሺው፣ ያው አንድ ቀጂ ያው አንድ ሲኒ፣ ቡናው ከጠብታ ወደ ክር እንዴት እንደሚቀየር ታያለሽ። የዕጣኑን ጭስ ከጎን ብርሃን ሰጥተሽ አንድ ሰከንድ ላይ አንሺው፣ እሱማ ሌላ ነገር ነው። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጻፊ ወይም ፎቶው ውስጥ የተቀመጠውን ዝርዝር በኋላ እዪ። መብራት ሲጠፋም ካሜራውን አንሺ፣ አንድ ሻማ ከፊት በክንድ ርቀት ሲሆንና በእጥፉ ሲርቅ ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው፣ በዓይን ብዙም አይታወቅም ካሜራው ግን ወዲያው ይነግርሻል። ጃንሜዳ ላይ ከጧፉ አጠገብ ያለውን ፊት ፈልጊ የምንለው ለዚህ ነው።

ስታንድ ከሌለ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት ሰፍተሽ ግንብ ላይ አስቀምጪና ካሜራውን አስተኚበት፣ ከርካሽ ስታንድ ይሻላል።

ሐረር_ጀጎል

እኔ የማነሳው ጅብ የሚመገብበትን ነው፣ እዚህ ሐረር ማታ ማታ ከጀጎል ውጭ ጅብ ያበላሉ። ብርሃኑ የመኪና ፊት መብራት ወይ ባትሪ ብቻ ነው፣ ጅቡ ሥጋውን ሲነጥቅ ደግሞ በጣም ፈጣን ስለሆነ ከ1/125 በታች አይሆንም፣ ያለ ኤፍ 1.8 አልቻልኩትም። እኔን የጠቀመኝ ብርሃኑን ከጀርባዬ አለማድረግ ነው፣ ወደ ጎን ሄጄ ሳነሳ ፀጉሩ ጠርዝ ላይ ብርሃን ይይዛል ያለበለዚያ ጠፍጣፋ ነው የሚወጣው። ከተራም ላይ ጧፉ በአንቺና በሰውየው መሀል ሳይሆን በጎኑ እንዲሆን ቁሚ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የኤልኢዲ መብራት ያለበት ቦታ ከሆነ 1/50 ወይ 1/100 ተጠቀሚ። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ፍጥነት ስታነሺ አንዳንዴ ጥቁር መስመር ይገባበታል።

ጀማሪዋ_ካሜራ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላችሁኝን ሳደርግ ነበር የዘገየሁት። የእናቴን ፎቶ ከፍቼ አየሁት፣ ከኋላዋ ያለው መብራት ሁሉ እኩል ተጎትቷል፣ እኔ ነኝ የተንቀሳቀስኩት እሷ ዝም ብላ ነበር የቆመችው። ይህን ሳውቅ በሆነ መንገድ ደስ አለኝ።

ቡናውን አነሳሁ። 1/15 ላይ ያለው ነው ለኔ የሚያምረው፣ ቡናው ክር ሆኖ የእናቴ እጅ ግን ጥርት ያለ ነው። ከዛ ቅዳሜ ስታዲየም ጋ ሄጄ ባቡሩ ከፍ ባለው ሀዲድ ላይ ሲያልፍ በ10 ሰከንድ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100 አነሳሁት፣ በ2 ሰከንድ ታይመር። መስኮቶቹ አንድ ረጅም ሪባን ሆነው ወጡ፣ ህንጻዎቹም ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ! የገረመኝ ግን ሰማዩ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ሰማያዊው ሰዓት (ሰማዩ ሳይጨልም ሰማያዊ ሆኖ የሚቆይበት) ረጅም ነው ሲሉ ሰምቼ ዘና ብዬ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው የደረስኩት፣ ወዲያው ጥቁር ሆነ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፣ አንደኛ ካሜራው ከ10 ሰከንዱ በኋላ ሌላ 10 ሰከንድ ይቆልፋል፣ ለምንድነው? ሁለተኛ ጃንሜዳ ስታንድ ይዤ ልግባ?

የማታ_ሰው

ጎበዝ! ሰማያዊውን ሰዓት የሚያስተምሩት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሆነው ነው፣ እዚያ ፀሐይ በሰያፍ ስለምትወርድ ይረዝማል። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ቀጥ ብላ ነው የምትጠልቀው፣ አሁን በህዳር 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች ጥሩው ሰማያዊ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው በቃ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ስታንድሽ ተተክሎ ፎከስሽ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው።

የሚቆልፈው የረጅም ኤክስፖዠር (ሹተሩ ረጅም ክፍት ሲቆይ) ኖይዝ መቀነሻው በርቶ ስለሆነ ነው፣ ሁለተኛ ጥቁር ፎቶ በዚያው ርዝመት አንስቶ ኖይዙን ከመጀመሪያው ይቀንሳል። ባቡርና መኪና ስታነሺ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ አጥፊው፣ ያለበለዚያ ቀጣዩ ባቡር ያመልጥሻል።

ስታንዱን ቤት ተዪው። ፍተሻ ላይ ሊከለክሉሽ ይችላሉ፣ ቢያስገቡሽም በዚያ ሕዝብ መሀል ሰው ይጠለፍበታል፣ ሌሊት ደግሞ መሬት ላይ የተኛም አለ። ፍላሹንም ጭራሽ አትክፈቺ፣ ሰው እየጸለየ ነው። ቀረብ ብለሽ ፊት የምታነሺ ከሆነ በዓይንሽ ጠይቂ፣ እናቶች ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፣ ካላሉ እለፊ። ሁለት ክርንሽን ጎንሽ ላይ አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ ሦስቱን በተከታታይ አንሺ፣ መሀለኛው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይወጣል። ትርፍ ባትሪውን ከውስጥ ኪስሽ አድርጊው፣ የጥር ብርድ ቶሎ ያደክመዋል።

እና ሌሊቱን ሁሉ ካርድሽን አትጨርሺ። ጥር 11 ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ባለው 20 ደቂቃ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ጧፉ ገና አልጠፋም፣ ሁለቱ ብርሃን እኩል ይሆናል። እኔ በየዓመቱ የምሄደው ለዚያች 20 ደቂቃ ነው።

ጀማሪዋ_ካሜራ

50ውን ትናንት ገዛሁት፣ ያገለገለ ነው ግን መስታወቱ ንጹህ ነው። እናቴም ከተራ አብረን እናድራለን ብላለች፣ ጧፉን እሷ ትይዛለች።