«አንቺ በበር ነው የገባሽው»፦ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤትና ስለ አዲስ ገቢዎች

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ የማከብረው ወንድም «እነዚህ በድንበር እየዘለሉ የሚገቡት ልጆች የእኛንም ስም አጠፉት» አለ። ማንም አልተቃወመውም። እኔም ስኒዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ንግግሩን ግን አወቅሁት። በየቀኑ ከቀትር ጀምሮ እኔ በምሠራበት ቤት ውስጥ ከሚጮኸው የወግ አጥባቂዎች የንግግር ሬዲዮ ቃል በቃል የወጣ ነው። ዝም ማለቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲቆጨኝ ሰንብቷልና ዛሬ ልጻፍላችሁ።

የምተዳደረው አረጋውያንን በቤታቸው በመንከባከብ ነው። አሁን የምረዳቸው አዛውንት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የቀሩ ሰው ናቸው። ምሳቸውን ሳቀርብ ሬዲዮው ይከፈታል፤ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ ልብሳቸውን አጥፌ ስጨርስም አይዘጋም። አዘጋጁ ይናገራል፣ ይቆጣል፣ የስልክ ደዋይ ያስተናግዳል። መሐል ላይ ወርቅ ግዙ፣ ትራስ ግዙ የሚል ማስታወቂያ ይገባል፤ ከዚያ እንደገና ስለ ድንበር፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ወንድና ሴት፣ ስለ ባንዲራ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ።

አዛውንቱ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ልጄ በታመመች ዕለት «ሂጂ፣ እኔ ዛሬ ዳቦ በአይብ እበላለሁ» ብለው ከቤት ያስወጡኝ ሰው ናቸው። አዘጋጁ በስደተኞች ላይ ሲያመር ግን ወደ እኔ ዘወር ይሉና «አንቺን ማለቱ አይደለም፤ አንቺ በበር ነው የገባሽው» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ደስ ይለኝ ነበር። ወንጌሉ ላይ በበሩ የማይገባው ሌባ እንደሆነ እየሰማን ስላደግን እንዲህ ያለው ቃል ልባችን ውስጥ ቶሎ ይገባል።

እኔ የመጣሁት በዲቪ ነው። ፎርሙን የሞላሁት ደሴ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተራ በተራ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሁለታችንም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ነበር። ዕጣው ለእኔ ወጣ፤ ለእሱ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ሞላ። በመጨረሻ ብራዚል ገባ፤ አገር እያቆራረጠ ሄዶ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በእግሩ ተሻገረና ሜክሲኮ ድንበር ደረሰ። ለድንበር ጠባቂዎች እጁን ሰጥቶ ጥገኝነት ጠየቀ። ሬዲዮው «ወረፋ የጣሰ» የሚለው እሱን ነው። እኔስ የትኛው ወረፋ ላይ ነው የቆምኩት? ዲቪ ዕጣ ነው። ዕጣ ስለወጣልኝ ብቻ አብሮኝ ካደገ ልጅ የምሻል መስሎኝ በሰው ማእድ ቤት ቆሜ ስኮራ መክረሜን ሳስብ አዝናለሁ።

ይህ ሬዲዮ እንዴት እንዲህ ጉልበት እንዳገኘ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከ1949 ጀምሮ በዚህ አገር አከራካሪ ጉዳይ የሚያነሣ ጣቢያ የሌላውን ወገን ሐሳብም እንዲያሰማ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1987 ሻረው። በዓመቱ ወግ አጥባቂው የሬዲዮ አዘጋጅ ራሽ ሊምቦ ከካሊፎርኒያ ወደ ኒው ዮርክ መጥቶ ፕሮግራሙን በመላው አገር ማሰራጨት ጀመረ። ያን ጊዜ ሙዚቃ ወደ ኤፍ ኤም ሄዶ የኤ ኤም ጣቢያዎች አድማጭ አጥተው ስለነበር አንድ ሰው ሦስት ሰዓት የሚናገርበት ፕሮግራም በትንሽ ወጪ አዳናቸው። በ1996 ደግሞ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዘው የሚችለው የጣቢያ ብዛት ገደብ ተነሣ፤ ያው አንድ ድምፅ በየከተማው ተባዛ። ሊምቦ በ2021 ሞተ፤ ወንበሩ ግን ባዶ አልቀረም።

ጉልበቱ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2007 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ራሳቸው የደገፉት፣ ለሚሊዮኖች ሕጋዊ መኖሪያ ሊያስገኝ የነበረ ሕግ ሴኔት ቀርቦ ነበር። አዘጋጆቹ በየቀኑ ወረዱበት፤ አድማጩ የሴናተሮቹን ስልክ አጨናነቀ። ወደ ፊት ለመራመድ 60 ድምፅ ሲያስፈልገው 46 ብቻ አገኘና ሰኔ ላይ ወደቀ። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ትሬንት ሎት አገሪቱን የሚመራው የንግግር ሬዲዮ ሆኗል ብለው ያማረሩት በዚያው ወር ነው።

ወደ እኛው ወደ ዲቪ ልምጣ። በጥቅምት 2017 በዲቪ የገባ አንድ ሰው በኒው ዮርክ በጭነት መኪና ስምንት ሰዎች ገደለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «በበር የገባችሁ» የተባልነውም በጥርጣሬ መታየት ጀመርን። ዲቪ ማንም ሳይመረመር የሚገባበት ቀዳዳ ነው ተባለ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ዕጣው የሚሰጠው የማመልከት ዕድል ብቻ ነው። የትምህርት ማስረጃው፣ የጤና ምርመራው፣ የፖሊስ ማስረጃው፣ ጣት አሻራው፣ የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። እንደደረሱ የመንግሥት ድጎማ ላይ ይወድቃሉ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ግሪን ካርድ የያዘ አብዛኛው ሰው ዋና ዋናዎቹን የፌዴራል እርዳታዎች ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ለአዛውንቱ እየነገርኳቸው ሌላም ነገር ጨመርኩላቸው። አያቶቻቸው አየርላንዳውያን ናቸው፤ ፎቶግራፋቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዲቪን የፈጠረው የ1990 ሕግ ሲረቀቅ ብዙ የገፉለት ለአየርላንዳውያን የተቆረቆሩ የኮንግረስ አባላት ነበሩ። ቋሚው ዕጣ ከመጀመሩ በፊት፣ ከ1992 እስከ 1994፣ በየዓመቱ ከተሰጠው 40 ሺህ ቪዛ ቢያንስ 40 በመቶው ለአየርላንድ ተወላጆች የተለየ ነበር። ብዙዎቹም ያኔ ያለ ፈቃድ ቦስተንና ኒው ዮርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ናቸው። አዛውንቱ አላመኑኝም። ልጃቸውን ስልክ ደውለው አስጠየቁ። ከዚያ ለብዙ ደቂቃ ምንም አልተናገሩም።

አሁን የሚከብደኝ ነገር ላይ ደርሻለሁ። ሬዲዮው ስለ ትምህርት ቤት ሲናገር የተስማማሁበት ጊዜ አለ። በምንኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2022 የትምህርት ዘመን ለትንንሽ ልጆች ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና ስለ ፆታ ማንነት የሚያወሩ የተረት መጻሕፍት ትምህርት ቤት ገቡ። መጀመሪያ ያልፈለገ ወላጅ ልጁን ማስወጣት ይችል ነበር። በመጋቢት 2023 የካውንቲው የትምህርት ቦርድ፣ ጠያቂው በዝቶ ማስተናገድ አስቸገረ ብሎ ያንን ፈቃድ አነሣ። ቦርዱ በሚሰበሰብበት በሮክቪል ነጠላ የለበሱ እናቶችና ሒጃብ ያደረጉ እናቶች ጎን ለጎን ቆመን ጠየቅን። መጽሐፉ ይጥፋ አላልንም፤ አስቀድሞ ይነገረን፣ ልጃችንን እናውጣ ነው ያልነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 2025 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ተፈረደ። በውሳኔው ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ወላጆች ስም ተጠቅሶ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ያን ሰሞን ሬዲዮው «ጀግኖች የስደተኛ እናቶች» አለን። ገና ማስታወቂያው ሳያልቅ ተመልሶ ግን የእነዚሁ እናቶች ወንድሞችና እኅቶች እንዳይመጡ በሩ ይዘጋ አለ። ሬዲዮው የሚያቀርብልን ሁሉንም በአንድ ጥቅል አስሮ ነው። ስለ ልጆቼ የሚለው ልክ ስለመሰለኝ ብቻ ስለ አክስቴ ልጅ የሚለውንም አብሬ እንድውጥ ይፈልጋል። ባለፈው እሑድ የሰማሁትም ይህንኑ ነው፤ ወንድማችን ጥቅሉን ሳይፈታ ዋጠው። እኔ እየፈታሁ ልመዝነው እፈልጋለሁ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የታክሲ ሹፌር፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እኅቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአክብሮት ግን በሐሳብ እለይሻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስጠብቅ ጓደኛዬ ይህ ሬዲዮ ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማረኝም እሱ ነው፤ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ስለሚደጋግሙት ቃሉ ሳትወድ በግድ ይገባሃል። እግዚአብሔርን ሲጠሩ አያፍሩም፤ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ራስን መቻል ይላሉ። አባቴ ያስተማረኝም ይህንኑ ነው። በ2021 ለቨርጂኒያ ገዥነት የተወዳደሩት ዲሞክራቱ ማካሊፍ፣ ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስተምር ወላጆች መናገር አለባቸው ብዬ አላምንም ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁና ድምፄን ለተፎካካሪያቸው ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ሰጠሁ። አልተጸጸትኩም።

አንቺ ወረፋ አልቆምኩም አልሽ። እኔ ቆሜአለሁ። በደርግ ጊዜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ፣ ወደ አሜሪካ ለመምጣት ስሜ እስኪጠራ አራት ዓመት ጠብቄአለሁ። ወባ የገደላቸው ጓደኞቼ ተራቸው ሳይደርስ እዚያው ተቀብረዋል። ተራውን የጠበቀ ሰው ሕግ ይከበር ቢል ጥላቻ ነው ማለት አይቻልም። ለአክስትሽ ልጅ ግን እግዚአብሔር ይርዳው።

መልስ፦ ረዳት መምህር፣ ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ

ስለ ሕግና ወረፋ ለመከራከር አልገባሁም። እኔ የምሠራው አዲስ ከመጡ ልጆች ጋር ነው፤ ሬዲዮው ስለ ትምህርት ቤት የሚለውንና ክፍል ውስጥ የማየውን ላስተያይላችሁ። ዘርን በተመለከተ ልጆች ጥላቻ ይማራሉ ሲባል እሰማለሁ፤ የእኔ ቀን ግን የሚያልቀው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ፊደል እንዲያያይዝ በመርዳት ነው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ትምህርት ያለፋቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ፍርሃቱ ነው። ወረቀት የሌላቸው ልጆች ከትምህርት ቤት ይውጡ የሚል ደዋይ ሰምታ ልጇን ሳታስመዘግብ ሁለት ወር ቤት ያስቀመጠች እናት አውቃለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982፣ በቴክሳስ ጉዳይ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለውም ተብሎ ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለከል እንደማይችል ወስኗል። አምስት ለአራት ነበር፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። እባካችሁ ይህን ለሚያስፈልገው ሰው ንገሩ።

ስለ መጻሕፍቱ የእናትነት መብትሽን አከብራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ በክፍሌ ሁለት እናቶች የሚያሳድጓት ልጅ አለች። ወላጆች ስለ መጻሕፍቱ ሲነጋገሩ እሷም እዚያው ቆማ እንደምትሰማ አስቡልኝ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

መምህራችን ስለ ልጅቷ ያነሣኸውን በልቤ ይዤዋለሁ። እዚያ ስንቆም ስለ እሷ ማናችንም አላሰብንም። ጥያቄዬን አላነሣም፤ ልጆቼን ግን ስለ እሷ እንዴት መናገር እንዳለባቸው አስተምራለሁ።

ጋሼ፣ ገዳሪፍ ላይ የጠበቁትን አራት ዓመት አቅልዬ አላየውም፤ እርስዎ በእውነት ወረፋ ቆመዋል። ነገር ግን ስምዎ የተጠራበት ሕግ በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው። ያው ሕግ፣ እዚህ ምድር ላይ የደረሰ ሰው በየትም በኩል ይምጣ፣ ጥገኝነት ለመጠየቅ ይችላል ብሎ ደነገገ። በኋላ የመጡ መንግሥታት ብዙ ገደብ ጨምረውበታል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። የአክስቴ ልጅ ድንበር ላይ እጁን ሲሰጥ የጠየቀው እርስዎ በተጠሩበት ሕግ ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት፤ እሱ በሰባተኛው ወር አስገብቷል። ይህን የማያውቁ ብዙ ልጆች ጊዜው እያለፈባቸው ነውና የሚያውቃቸው ሰው ያስታውሳቸው።

የአክስቴ ልጅ የጥገኝነት ቀጠሮ ደርሷል። ከአገር ቤት የመጡ ወረቀቶቹን በትክክል ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉምልን ሰው እንፈልጋለን፤ የምትችሉ በግል ጻፉልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡናው ላይ ይዤው እመጣለሁ። ጋሼ፣ እርስዎም ቢመጡና ስለ ገዳሪፍ ቢያጫውቱት ደስ ይለኛል። ስለ ዳሪየን እስካሁን ለእኔም ለማንም አልተናገረም፤ ለእርስዎ ግን ሳይናገር አይቀርም።